ስንዱ፣ ትራንግ እና የዶርም በር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የዛሬው ጽሑፋችን ከወትሮው ይለያል። ስለ አንድ ግድያ ነው። ወጣቶቻችን የወንጀል ታሪክ ትረካ እንደሚያዳምጡ እናውቃለን። አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ ወርደው፣ አንድ ስልክ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ አራት አምስት ልጅ ዙሪያውን ከቦ፣ አባ ኮዳዎቹ አጠገባቸው የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ፣ ተራኪው ደግሞ «ማንም ያላወቀው ድብቅ ሕይወቷ…» ይላል። ኡስታዞቻችን ይህን «ጊዜ ማባከን ነው» ብለው ያልፉታል። እውነት አላቸው። እኛ ግን ዛሬ ከእነዚያ ታሪኮች አንዱን፣ ያውም የአገራችን ልጅ ያለችበትን፣ ይዘን እስከ መጨረሻው ልንሄድ ወደድን። ጽሑፉ ይረዝማልና ሻይ ያዙ።

ነገሩ የሆነው ግንቦት 20 ቀን 1987 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሜይ 28 ቀን 1995። እኛ አገር ደርግ የወደቀበት አራተኛ ዓመት የሚከበርበት ቀን ነበር። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ደንስተር ሃውስ በሚባለው የተማሪዎች መኖሪያ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የነበረችው ስንዱ ታደሰ የዶርም ጓደኛዋን ትራንግ ሆን በተኛችበት በስለት ገደለቻት። በእንግድነት አብራ ያደረች ሌላ ወጣት ልታስጥል ስትሞክር ቆሰለች፤ ሮጣ ወጥታ የሰው ያለህ አለች፤ እሷ ተረፈች። ስንዱ ወዲያው የራሷንም ሕይወት አጠፋች። ሁለቱም ገና ወጣት ልጆች ነበሩ።

የቁስሉን ብዛትና የአሟሟቱን ሁኔታ አንጽፍም። ተራኪዎቹ እዚያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሙዚቃ ይጨምሩበታል፤ ለሰሚው ግን ከድንጋጤ በቀር የሚጨምረው ዕውቀት የለም።

ስንዱ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አባቷ በደርግ ዘመን ታስረው ነበር። በትምህርቷ በጣም ጎበዝ ስለነበረች ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘች፤ የዲፕሎማቶችና የውጭ ድርጅት ሠራተኞች ልጆች በሚማሩበት በዚያ ትምህርት ቤት ከሁሉም በልጣ አንደኛ ሆና ጨረሰች። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ሃርቫርድ ገባች፤ ሐሳቧ ሐኪም መሆን ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ልጅ ከዚህ ተነስቶ ሃርቫርድ ገባ ማለት ለቤተሰቡ፣ ለሰፈሩ፣ ለትምህርት ቤቱ ምን ማለት እንደነበር ልንነግራችሁ አያስፈልግም። ዛሬም ከገጠር አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በግ የሚታረድበት ቤት አለ።

አሁን ስለ ሟቿ እንናገር፤ ትረካዎቹ እሷን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የሚያልፏት። ትራንግ ሆ ቬትናም ተወልዳ በልጅነቷ ከአባቷና ከእህቷ ጋር በጀልባ ባሕር አቋርጣ የተሰደደች ልጅ ነበረች። ያንን ባሕር ስንቱ እንደቀረበት እናውቃለን፤ የእኛም ልጆች በየመንና በሊቢያ በኩል ያውቁታል። ቦስተን ደርሳ ተማረች፤ እሷም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጥታ ነው ሃርቫርድ የገባችው። እሷም ሐኪም ልትሆን ነበር። ቤተሰብ ከባሕር ተርፎ፣ በሰው አገር ሠርቶ፣ ልጁን እዚያ ካደረሰ በኋላ አስከሬን ተቀበለ።

ምክንያቱስ? ሁለቱ ልጆች ለሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ስንዱ ሌላ የቅርብ ሰው አልነበራትም፤ በትራንግ ላይ ተጣብቃ ነበር ማለት ይቻላል። ትራንግ ደግሞ ቤተሰቦቿ እዚያው ቦስተን አካባቢ፣ ጓደኞችም ያሏት፣ ሰው የሚወዳት ልጅ ነበረች። ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ለሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች ጓደኞቿ ጋር እንደምትኖር ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ግንኙነታቸው ሻከረ። ሌላ የተገኘ ምክንያት የለም። በመካከላቸው ወንድ አልነበረም፤ ገንዘብ አልነበረም። አንዲት ልጅ «ከርሞ ከሌላ ሰው ጋር ልኑር» አለች። ይህ ደግሞ መብቷ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ይህን ታሪክ ሐበሻ ለሐበሻ ሲያወራው «ምን አድርገዋት ነው? ነጮቹ አሳብደዋት ነው፤ ያች ልጅ ንቃት ነው» የሚል ነገር ይገባበታል። ወንድሜ፣ በሱረቱን ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ) በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር አዞናል። ገዳይዋ የአገራችን ልጅ ስለሆነች የቬትናሟ ልጅ ደም አይቀልም። ለስንዱ ማዘን ይቻላል፤ እኛም እናዝናለን። ሐዘናችን ግን ትራንግን ወደ ተከሳሽ ሳጥን የሚገፋ ከሆነ ሐዘን መሆኑ ቀርቶ ወገንተኝነት ይሆናል።

«ድብቅ ሕይወት» ወደሚባለው እንምጣ። ሰው ይህን ቃል ሲሰማ የሚጠብቀው ወንድ ነው፣ መጠጥ ነው፣ ሱስ ነው። ስንዱ ክፍል የተገኘው ግን ማስታወሻ ደብተር ነው። እዚያው ሃርቫርድ ተምራ እዚያው ያስተማረችው ጸሐፊ ሜላኒ ተርንስትሮም ጉዳዩን ተከታትላ፣ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትማበታለች። ደብተሮቹ በብቸኝነት የተሞሉ ነበሩ። ሰው እንዴት እንደሚቀርብ፣ ወሬ እንዴት እንደሚጀመር፣ ጓደኛ እንዴት እንደሚያዝ፣ ልክ እንደ ኬሚስትሪ ፈተና ቁጭ ብላ ታጠናው ነበር። ውጤቷ ጥሩ በነበረበት ዘመን እንኳ ልጅነቷን ሁሉ ብቻዋን እንደኖረች የሚሰማት ሰው ነበረች። የደበቀችው ይኸን ነው። ኃጢአት አይደለም፤ ሕመም ነው። ኃጢአት የሆነው በኋላ ያደረገችው ነው።

(የሰው ማስታወሻ ማንበብስ እንዴት ነው ለምትሉ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ የሰውን ምስጢር መሰለልም ጊባም አብረው ተከልክለዋል። ሁለት ነፍስ ሲጠፋ መርማሪ ደብተር መክፈቱ አንድ ነገር ነው፤ የሟች ልጅን ቴሌግራም ስክሪንሾት አድርጎ ግሩፕ ለግሩፕ ማዞር ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከዚሁ ከከተማችን አንዲት የባንክ ሠራተኛ እህት ስትጠለፍ ምን እንደተወራ ታስታውሳላችሁ። ልጅቱ ገና ሳትገኝ «ትውውቅ ነበራቸው ወይ? ፍቅረኛው ነበረች ወይ?» የሚለው ወሬ ቀድሞ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ ከቀናት በኋላ በሕይወት ተመለሰች። ያን ሁሉ የተናገረ ምላስ ግን ይቅርታ ሲጠይቅ አልሰማንም።)

ከስንዱ ታሪክ ሁሉ እኛን ያስቆመን የደብዳቤው ነገር ነው። አንድ ጊዜ የስልክ ማውጫ ከፈተችና የማታውቃቸውን ሰዎች አድራሻ መርጣ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላከች። ብዙ ቅጂ ነው። ይዘቱ ባጭሩ፣ ብቸኛ ነኝ፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጠኝ ሰው እፈልጋለሁ የሚል ነበር። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድም ትሄድ ነበር። ከደብዳቤዎቹ አንዱ በሰው በሰው አልፎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ደርሶ ነበር። የትራንግ ቤተሰቦች በ1998 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድን ሲከሱ አንዱ ነጥባቸው ይኸው ነው፤ ምልክት ነበረ፣ ያየው ግን አልተንቀሳቀሰም የሚል።

አስቡት እስቲ። በዓለም ላይ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ እኩዮቿ መካከል፣ አንዲት ልጅ የስልክ ማውጫ ገልጣ ጓደኛ ትለምናለች። ግማሹ እንዳበደች ቆጥሮ ወረወረው። እኛም ብንሆን ከማናውቀው ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሰን ምን እናደርግ እንደነበር አላህ ይወቅ። ዛሬ ግን የስልክ ማውጫ አያስፈልግም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ደብሮኛል» ብሎ ስቶሪ የሚለጥፍ ልጅ ያንኑ ደብዳቤ ነው የላከው። መቶ ሃምሳ ሰው ያየዋል፤ ሁለቱ የሳቅ ምልክት ያደርጉበታል።

ከግድያው ቀናት በፊት ደግሞ ለተማሪዎቹ ጋዜጣ ለሃርቫርድ ክሪምሰን የስንዱ ፎቶ ስም ከሌለው ማስታወሻ ጋር ደርሶ ነበር፤ በዚህች ልጅ ላይ በቅርቡ ትልቅ ወሬ ይኖራል የሚል። የላከችው ራሷ እንደሆነች ነው የሚታመነው። ሰው ሕመሟን ለመስማት ጊዜ ባይኖረው ወሬዋን ለመስማት ግን ጊዜ እንደማያጣ ገብቷት ነበር ማለት ነው። ወላሂ ይህ ነጥብ ከግድያው ባልተናነሰ ያስፈራናል።

ስለ ራሳችን ልጆች እንናገር። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች ብዙዎቹ ከስልጤ፣ ከሀላባ፣ ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከወሎ ናቸው። ከየቀበሌያቸው አንደኛ የነበሩ ናቸው። እዚህ ሲደርሱ የክፍሉ ሰው ሁሉ አንደኛ የነበረ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ይመጣል፤ በሕይወቱ «ሲ» አይቶ የማያውቅ ልጅ «ሲ» ያያል። ማታ አባቱ ይደውሉለታል።

«ትምህርት እንዴት ነው ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ አባ፣ ጥሩ ነው።»

ስልኩን ይዘጋና ግድግዳ ላይ ያፈጣል። ድብቅ ሕይወት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። በአንዲት «ጥሩ ነው»። አባቱ ላሙን ሸጠው የላኩት ልጅ «አልቻልኩም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ደግሞ ይብሳል፤ በሩን ዘግቶ ሦስት ቀን ቢተኛ አከራይዋ የሚያንኳኩት የኪራይ ቀን ሲደርስ ነው።

ይህ ልጅ ችግሩን ለእኛ ቢነግረን ምን እንደምንለው ደግሞ ታውቃላችሁ። «ኢማንህ ደክሞ ነው፣ ቁርኣን ቅራ።» ቁርኣን መቅራት ያድናል፤ ማን ይክዳል? ነገር ግን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣን፣ ምግብ የተወን፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚልን ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሸኘት ዳዕዋ አይባልም። ሸሪዓን የተከተለ ሩቅያ ይቀራለት። ሐኪም ዘንድም ይወሰድ። ሁለቱ አይጣሉም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል፤ አእምሮም የሰውነት አካል ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እግሩ የተሰበረን ወንድም በትከሻችን ተሸክመን የምንወስድ ሰዎች ለዚህ ሲሆን ለምን እንደምናፍር አይገባንም።

አሁን ከባዱ ጥያቄ አለ። ዲናችን የሰውን ነውር መሸፈን፣ ሲትር ማድረግ ያስተምረናል። የወንድሙን ነውር የሸፈነ አላህ የእሱን እንደሚሸፍንለት በሐዲሥ ተነግሮናል። ታዲያ የዶርም ጓደኛችን የነገረንን ምስጢር ለሌላ መናገር ክሕደት አይደለም ወይ? ብዙ ወጣት እዚህ ላይ ይቸገራል። የዑለሞቻችን አነጋገር ግን ግልጽ ነው፤ ሲትር ለተሰናከለ ሰው ነው፤ ነፍስ ሊያጠፋ ላለ ሰው መሸፈኛ አይደለም። ወንድምህ አንድ ሌሊት ተሳስቶ ጫት ቤት አምሽቶ መጣ፣ ሸፍንለት፣ ብቻውን ምከረው። ወንድምህ «ራሴን አጠፋለሁ» ወይም «እገሌን ባላጠፋው» ካለህ ግን ያ ምስጢር አይደለም፤ አማና ነው፤ አማናው ደግሞ የነፍስ ነው። የምትነግረው ሰው ምረጥ እንጂ አትደብቀው። ለግሩፕ አትንገር። ለአንድ ትልቅ ሰው፣ ለታላቅ ወንድሙ፣ ለግቢው ኃላፊ፣ ለኢማሙ ንገር። ቢቀየምህም ይቀየምህ፤ የተቀየመ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ካደረጓቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ሙሃጂሮቹን ከአንሷር ጋር ወንድማማች ማድረግ ነው። አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ስም ጠርተው አንድ ሰው ሰጡት። ሰልማን አል ፋሪሲና አቡ ደርዳእም እንዲሁ ወንድማማች ተደርገው ነበር። ሰልማን አንድ ቀን ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ ሚስቱ ራሷን እንደጣለች አየ። አላለፈውም፤ ምን ሆነሻል አላት። አቡ ደርዳእ በዒባዳ ብዛት ቤቱንም ራሱንም እንደረሳ ገባው። ሰልማን ምን አደረገ? አብሮት እንዲበላ አስገደደው። ሌሊት ሊሰግድ ሲነሳ ተኛ አለው። ሌሊቱ ሲገፋ አብረው ተነስተው ሰገዱ። ሲነጋ ጉዳዩ ነብዩ ዘንድ ቀረበ፤ ነብዩም ሰልማን ልክ ነው አሉ። ይህን ታሪክ ቡኻሪ ዘግቦታል። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለዒባዳ ሚዛን ነው። እኛ ግን የሰልማንን ዓይን እንድታዩልን እንፈልጋለን። የሰውን ፊት አየ፣ ጠየቀ፣ አብሮ በላ፣ አብሮ አደረ። ከውጭ ሲታይ እኮ አቡ ደርዳእ ጾመኛ፣ ሰጋጅ፣ የሚደነቅ ሰው ነበር። ስንዱም ከውጭ ስትታይ ሃርቫርድ የገባች ልጅ ነበረች።

በየግቢው ያላችሁ የጀማዓ ልጆች፣ አዲስ ተማሪ ሲገባ መቀበላችሁና ሻንጣ መሸከማችሁ መልካም ነው። ያ ግን የመስከረም ሥራ ነው። ልጁ የሚሰበረው መጀመሪያው ውጤት ሲለጠፍ ነው። ያኔ ፈጅር ላይ የጠፋውን ቁጠሩ። «ደከመ፣ ሰነፈ» ከማለታችሁ በፊት በሩን አንኳኩ። ሄዳችሁ «ለምን አልሰገድክም» አትበሉት፤ ዳቦና ሻይ ይዛችሁ ግቡ። መስጂድ የምትጠርገው ሴት ስትጠፋ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የት ሄደች ብለው ጠይቀዋል፤ መሞቷን ሲሰሙ መቃብሯ ድረስ ሄደው ሰግደውባታል። የጠፋን ሰው መጠየቅ ሱና መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አናውቅም። እህቶች ጋ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል፤ ወደ መስጂድ የማይመጡት ብዙ ስለሆኑ መጥፋታቸው አይታወቅም። እህቶቻችን የራሳቸውን ሰልማን ከመካከላቸው ማውጣት አለባቸው።

ሌላው ወገንስ? ትራንግን እንዳንረሳ ብለናል። በሰው ላይ ተጣብቆ የሚያስጨንቅ ጓደኛ ያለበት ወንድም ወይም እህት ምን ያድርግ? «ታገሥ» ብቻ ብለን ልንተወው አንችልም። አንድ ሰው የሌላ ሰው ሐኪም፣ እናት፣ ጓደኛና ቤተሰብ ሁሉ ሊሆን አይችልም። ሸክሙ የጀማዓ ነው፤ ለአንድ ትከሻ ከተተወ ትከሻው መሸሹ አይቀርም፣ ቢሸሽም አይፈረድበትም። «አይሆንም» የተባለ ሰውም ያንን ቃል መቀበል መማር አለበት። ይህ ለወንዶቻችን በተለይ ነው። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንዲት ሙስሊም እህታችን አሲድ የተደፋባት «አይሆንም» የሚል ቃል ሊውጥ ባልቻለ ሰው እጅ ነው። ለጋብቻ ጠይቀህ እምቢ ከተባልክ፣ ሴትየዋ የአላህ ባሪያ ናት፣ ያንተ አይደለችም። ሂድ፣ ዱዓ አድርግ፣ ሌላ ጠይቅ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከዒሻ በኋላ ጠብቆን ይህንኑ የሚመስል ነገር አማከረን። አብሮ የተከራየው ልጅ ከእሱ በቀር ማንንም አያነጋግርም፤ ከሌላ ሰው ጋር ምሳ ሲበላ ይኮርፋል፤ ሌሊት ይቀሰቅሰዋል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ «አንተም ከተውከኝ መኖሬ ምን ያደርጋል» ብሎታል። ልጁ ከርሞ ከሌሎች ጋር ሊኖር ወስኗል፤ እንዴት እንደሚነግረው ጨንቆታል። በሚስጥር ዕቃውን አውጥቶ ሊጠፋ ነበር ሐሳቡ።

«ተደብቀህ አትውጣ፤ ብቻህንም ሆነህ አትንገረው» አልነው። መጀመሪያ «መኖሬ ምን ያደርጋል» ያለውን ቃል ለታላቅ ወንድሙ እንድንነግር ተስማማን፤ ወንድሙ ሻሸመኔ ነው ያለው፣ በማግስቱ መጣ። ሐኪም ዘንድ የሚሄድበትን ቀን እነሱ ይያዙ፤ የቤቱ ነገር ከዚያ በኋላ፣ ወንድሙ ባለበት፣ ቀን፣ ቁጭ ተብሎ ይነገር። ከሄደ በኋላም ጁሙዓ ጁሙዓ አብረው እንዲበሉ፣ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ከጀማዓው ሁለት ልጆች ተራ እንዲገቡለት ሆነ። የመጀመሪያው ተረኛ የፊታችን ሰኞ ነው የሚሄደው። ዱዓ አድርጉላቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።